«ቶል»፦ መከራን ችሎ ስለ ማለፍ የሚነገር አሮጌ የስኮትኛ ቃል፣ ታሪኩና አጠቃቀሙ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ግሥ ነው። ለአንድ ግሥ ይህን ያህል ሰዓት መስጠት ብክነት የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህን ግሥ ለብዙ ዓመታት በተሳሳተ ትርጉም ሳስተምር ስለ ኖርሁ፣ ዕዳዬን በአደባባይ መክፈል ይገባኛል ብዬ አምናለሁ።

ቃሉ «ቶል» ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ምላስ በጥርሶች መካከል ወጣ ብሎ የሚነገረው፣ የእንግሊዝኛ ጀማሪ ሁሉ የሚቸገርበት ድምፅ ነው። ፊደላችን ለዚህ ድምፅ የተለየ ምልክት ስለሌለው በ«ተ» ቤት ወክዬዋለሁ። «ቶሎ» ከሚለው ቃላችን ጋር ዝምድና የለውም፤ እንዲያውም የትርጉሙ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ ቶል ማድረግ እጅግ ቀርፋፋ ሥራ ነውና። መዛግብተ ቃላት መሸከም፣ መታገሥ፣ መከራን መቀበል፣ ችሎ ማለፍ እያሉ ይፈቱታል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላስታውቅ።

ከቃሉ ጋር የተዋወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። ለትምህርት አበርዲን በነበርሁበት ዓመት፣ በጥር ወር አንድ ማለዳ፣ አባቴ ማረፋቸውን በስልክ ሰማሁ። ለቀብራቸው መድረስ የማይቻል ነበር። ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ንግግራቸው የቁጥብ ሰው ንግግር ነበር። ሻይ አፍልተው ከፊቴ ተቀመጡ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እንግዲህ ቶል ማድረግ ነው» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግረው ወደ ኩሽናቸው ተመለሱ። እኔ «ታገሥ» ብለው ያዘዙኝ መሰለኝና ከልቤ ቅር አለኝ። በአገሬ ብሆን «እግዚአብሔር ያጽናህ» እባል ነበር፤ ጽናቱን ከላይ ይለምኑልኛል እንጂ ለእኔ ለራሴ አይተዉትም። ያን ቅሬታ ይዤ ወደ አገሬ ተመለስሁ፤ በክፍል ውስጥም ቃሉን «መታገሥ» ብዬ አስተማርሁ። ስሕተቱ የት ላይ እንደ ነበረ ለማሳየት ከቃሉ መነሻ መጀመር አለብኝ።

በቅድሚያ ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። ስኮትኛ ስል ጌሊክኛን ማለቴ አይደለም። ጌሊክኛ የኬልት ቤተሰብ ቋንቋ ነው፤ ስኮትኛ ግን በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስኮትላንድ ከዘለቁት የኖርተምብሪያ አንግሎች ንግግር የወጣ፣ የእንግሊዝኛ እኅት የሆነ ቋንቋ ነው። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ «ኢንግሊስ» ይሉት ነበር፤ «ስኮቲስ» የሚለው ስም የጸናው ከዚያ ወዲህ ነው። የቤተ መንግሥት፣ የፍርድ ቤትና የግጥም ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ በ1603 የሁለቱ አገሮች ዘውድ፣ በ1707 ደግሞ ምክር ቤቶቻቸው አንድ ሲሆኑ፣ ከአደባባይ ወደ ጓዳ እየተገፋ ሄደ። ቋንቋ ነው ወይስ ዘዬ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እተወዋለሁ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ስለ ስኮትኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ሲቀርብ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንናገረዋለን ማለታቸውን፣ የስኮትላንድ ምክር ቤትም በ2025 ባወጣው ሕግ ለጌሊክኛና ለስኮትኛ ይፋዊ እውቅና መስጠቱን ጠቅሼ አልፋለሁ።

ወደ ግሡ እንመለስ። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ቶሊያን» ይባል ነበር። በጥንታዊ ኖርስ «ቶላ»፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተተረጎመው የጎትኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «ቱላን» ነው። ጀርመኖች ትዕግሥትን «ገዱልት» የሚሉት፣ ኖርዌጂያውያንም «ቶሌ» የሚሉት ግሥ ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። የድምፅ ሕግ ተማሪዎች የግሪምን ሕግ ታስታውሳላችሁ። በጥንቱ የኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋ «ት» የነበረው ድምፅ በጀርመናዊ ቋንቋዎች ወደዚያ ምላስን በጥርስ ወደሚያስይዘው ድምፅ ተለውጧል፤ በላቲንና በግሪክ ግን «ት» እንደ ሆነ ቀርቷል። ስለዚህ የስኮትኛው «ቶል» በላቲን «ቶሌራሬ» ከሚለው ግሥ ጋር የአንድ አያት ልጅ ነው። እንግሊዝኛ የዚያን የላቲን ግሥ ልጅ ኋላ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመጻሕፍት ተቀብሎ የመቻቻል ቃል አደረገው። አንዱ ቃል በእግሩ ተጉዞ በጓሮ በር ገባ፤ ሌላው በምሁራን ትከሻ ላይ ሆኖ በፊት ለፊት።

የዚህ ግንድ ጥንታዊ ትርጉም ማንሣትና መሸከም ነው። የላቲኑ «ቱሊ» «ተሸከምሁ» ማለት ነው። በሳንስክሪት «ቱላ» ሚዛንን ያመለክታል፤ ሚዛን ክብደትን አንሥቶ የሚይዝ ዕቃ ነውና። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእኔ ስሕተት የጀመረው እዚህ ነው። «መታገሥ» ስንል የልቡና ሁኔታን እንናገራለን፤ ሰውዬው አይቆጣም፣ አይቸኩልም፣ ይጠብቃል። «ቶል» ስለ ልቡና ሁኔታ ምንም አይናገርም። ሸክም አለ፤ የሚሸከም ሰው አለ። ሰውዬው እያጉረመረመ፣ እየተሳደበ፣ እያለቀሰ ሊሸከም ይችላል፤ ሸክሙን እስካልጣለው ድረስ ቶል አድርጎታል።

ለዚህ ከቾሰር የተሻለ ምስክር አላውቅም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፉት የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ በአንደኛው፣ ጋሪው ጭቃ ውስጥ የተያዘበት አንድ ባለጋሪ ፈረሶቹን ሰይጣን እንዲወስዳቸው ይራገማል፤ በእናንተ ምክንያት ስንት መከራ ቶል አድርጌአለሁ እያለም ይጮኻል። ይህ ሰው ታጋሽ ነው የሚል አንባቢ የለም።

ከቾሰር በፊት ደግሞ ቃሉ ሌላ ፊት ነበረው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ሕግጋት ውስጥ «ቶሊያን» ማጣትን፣ መነጠቅን ያመለክታል፤ ጥፋተኛው ንብረቱን ወይም እጁን «ቶል ያድርግ» ተብሎ ይደነገጋል፤ ይጣ ማለት ነው። በቢዎልፍ ግጥም ውስጥ፣ ግሬንደል የተባለው ጭራቅ በመጀመሪያው ሌሊት ጭፍሮቹን ከጨረሰበት በኋላ፣ ንጉሥ ህሮትጋር ማለዳ በአዳራሹ ተቀምጦ ይታያል። ገጣሚው ንጉሡን የሚገልጸው በአንዲት ስንኝ ውስጥ ሁለት ግሦችን አስቀምጦ ነው፤ አንደኛው «ቶሊያን»፣ ሁለተኛው «ድሬዮጋን»። ሁለቱም መከራን መቀበል ናቸው፤ ሁለቱም በስኮትኛ እስከ ዛሬ አሉ። «ድሬዮጋን» «ድሪ» ሆነ፤ ዕጣ ፈንታን ከመቀበል ጋር ተጣምሮ በአንድ ፈሊጥ ብቻ የቀረ ያህል ነው፤ ወደ ሥነ ጽሑፍ እንዲመለስ ያደረገውም በይበልጥ ዋልተር ስኮት ነው። ዛሬ «ድሪ» የልቦለድ ሽታ አለው። «ቶል» ግን በገበያም በአውቶቡስ ማቆሚያም ይሰማል።

እንግሊዞች ቃሉን ለምን ጣሉት? ከኖርማኖች ድል በኋላ ከፈረንሳይኛ የመጡ ግሦች አንድ በአንድ ቦታውን ወሰዱበት፤ መሠቃየትን የሚናገረው በ13ኛው፣ መጽናትን የሚናገረው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገባ። በሕይወት መትረፍን የሚናገረው ግሥ ደግሞ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደረሰ። ይህ የመጨረሻው በላቲን መሠረቱ «ከላይ መኖር»፣ ማለትም ከሌላው አልፎ መኖር ነው። በውስጡ ሁልጊዜ የሞተ ሰው አለ፤ አንዱ የሚተርፈው ሌላው ስለ ቀረ ነው። አማርኛችንም «ተረፈ» ሲል ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚተርፍ ነገር ከሌላው የተረፈ ነው፤ ከማዕድ የቀረውን «ትራፊ» እንለዋለን። «ቶል» ግን ሰውዬው ይተርፋል ወይስ አይተርፍም የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። በሸክሙ ሥር ያለውን ጊዜ ብቻ ይናገራል። ዛሬ ሰዎች ቃሉን «የመትረፍ ቃል» እያሉ ሲጠሩት ስሰማ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ መትረፍ ውጤት ነው፣ ቶል ማድረግ ግን ሥራው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፤ ከሁሉ ይልቅ እኔን የለወጠኝ እርሱ ነውና።

በስኮትላንድ የወንጀል ሕግ ውስጥ «አሳይዝ» ማለት በመሐላ የሚፈርዱ ተራ ሰዎች ጉባኤ፣ በዛሬው አጠራር ጁሪ ነው፤ በስኮትላንድ አባላቱ 15 ናቸው። «አሳይዝን ቶል ማድረግ» ሲባል በድሮው ዘመን በጉባኤው ፊት ቆሞ መዳኘት ማለት ብቻ ነበር፤ ፍርዱ ምንም ይሁን ምን ተከሳሹ የሚያልፍበት ፈተና ነውና። ከዚህ አነጋገር ግን አንድ መከላከያ ተወለደ። ሰው በአንድ ወንጀል ተከስሶ፣ ጉዳዩ ተሰምቶ፣ ጥፋተኛ ወይም ነጻ ከተባለ በኋላ በዚያው ነገር እንደ ገና ቢከሰስ ጠበቃው «ደንበኛዬ አሳይዙን ቶል አድርጓል» ብሎ ይቃወማል። ተቃውሞው ተቀባይነት ካገኘ ክሱ እዚያው ይቆማል። መርሁ በብዙ አገር ሕግ አለ፤ በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 23 በአንድ ወንጀል ድጋሚ መከሰስንና መቀጣትን ይከለክላል። ልዩነቱ ስኮትላንዶች መርሁን የሰየሙበት መንገድ ነው። ሌሎች «ሁለት ጊዜ መከሰስ» እያሉ በመንግሥት ድርጊት ሲጠሩት፣ እነርሱ በተከሳሹ ድርጊት ጠሩት። ሰውዬው ሸክሙን ተሸክሞ ጨርሷል፤ የተጨረሰ ሸክም ተመልሶ በጫንቃው ላይ አይጫንም።

ይህን በመጀመሪያ ያነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ለካ ቃሉ ፍጻሜ አለው! ትዕግሥት ፍጻሜ የለውም፤ ታጋሽ ሰው ነገም ታጋሽ መሆን ይጠበቅበታል። ቶል የተደረገ ነገር ግን በኃላፊ ጊዜ ሊነገር ይችላል፤ አልቋል፤ ባለቤቱም በማለቁ መብት ያገኛል።

በዚህ ረገድ የመብቱ ወሰን ምን ያህል እንደሚያከራክር ሳላነሣ ባልፍ ለተማሪዎቼ ሐቀኛ አልሆንም። በ1977 በኤድንበራ ከአንድ መጠጥ ቤት የወጡ ሁለት የ17 ዓመት ወጣት ሴቶች ተገደሉ። በ2007 አንገስ ሲንክሌር የተባለ ሰው በዚህ ወንጀል ለፍርድ ቀርቦ፣ ዳኛው ማስረጃው አይበቃም ብለው ክሱን አቋረጡት። ሰውዬው አሳይዙን ቶል አድርጓልና በአሮጌው ሕግ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። በ2011 የስኮትላንድ ምክር ቤት መርሁን በአዋጅ ጽፎ አጸናው፤ ነገር ግን ልዩ ሁኔታዎችን ጨመረበት፤ ከእነዚህም አንዱ ብርቱ የሆነ አዲስ ማስረጃ መገኘት ነው። ሲንክሌር በዚህ ሕግ መሠረት እንደ ገና ተከስሶ በ2014 ጥፋተኛ ተባለ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ቢያንስ 37 ዓመት እንዲታሰር ተወሰነ። ከግድያው እስከ ፍርዱ ያለውም ጊዜ 37 ዓመት ነው። የሟቾቹ ቤተሰቦች በእነዚያ ዓመታት ምን እንደ ተሸከሙ እዚህ ለመናገር አልደፍርም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቃሉ ለተከሳሹ ፍጻሜ ሲሰጥ ለእነርሱ ፍጻሜ አልሰጣቸውም ነበር። ሕግ አውጪው መካከል ላይ መግባቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አሮጌ ቃል ስለማፈቅር ብቻ አሮጌ ሕግን መከላከል አይገባኝም።

ስለ ዕለታዊ አጠቃቀሙ ጥቂት ነጥቦችን ላክል። ግሡ ተሻጋሪ ነው፤ ብርድን፣ ሕመምን፣ ሰውን ቶል ማድረግ ይቻላል። በድሮው ስኮትኛ መፍቀድን፣ ዝም ብሎ መተውንም ያመለክት ነበር። በዛሬው ንግግር ደጋግሞ የሚሰማው በአሉታ ነው፤ «እርሱን ቶል ላደርገው አልችልም» ማለት ሰውዬውን ማየት አልወድም፣ አልችለውም ማለት ነው። ሊቻል ለሚችል ነገር ቅጽል አለው፤ ለማይቻለውም አለው፤ አንዲት አሮጊት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲጠየቁ በመጀመሪያው ቅጽል ቢመልሱ፣ ሕመሙ አለ፣ ግን አብሬው እውላለሁ ማለታቸው ነው። ሮበርት በርንስ በ1785 በጻፈው፣ ማረሻ ጎጆዋን ስላፈረሰባት አይጥ በሚናገረው ዝነኛ ግጥሙ፣ ያለ ቤት ስለሚጠብቃት የክረምት እርጥበት ሲያነሣ የመረጠው ይህን ግሥ ነው። አይጧ ትዕግሥተኛ ስለ ሆነች አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ስለሌላት ነው። በነገራችን ላይ የጀልባ መቅዘፊያ የሚደገፍበት ችካልም በእንግሊዝኛ በዚሁ ሆሄና ድምፅ ይጠራል። መቅዘፊያውን «ስለሚታገሥ» ነው ብሎ የሚያስረዳ ሰው ከመጣ አትመኑት፤ በአጋጣሚ የተመሳሰለ ሌላ ቃል ነው።

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በአልስተር የሰፈሩት ስኮትላንዳውያን ቃሉን ይዘውት ወደ አየርላንድ ተሻገሩ፤ ከእነርሱ ልጆችም አያሌዎቹ ወደ አሜሪካ ወሰዱት። በ1995 የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ሼመስ ሂኒ ቢዎልፍን ሲተረጉም የገጠመውን በ1999 በታተመው ትርጉሙ መግቢያ ላይ ይተርካል። የጥንታዊ እንግሊዝኛውን ግሥ በቃላት ማውጫ ውስጥ ሲያየው «ቶርን» በሚባለው እንግዳ ፊደል ስለሚጀምር ባዕድ መስሎት ነበር። ኋላ ግን ባደገበት ገጠር አክስቱ ሐዘን ስለ ደረሰበት ቤተሰብ ሲናገሩ ይጠቀሙበት የነበረው ቃል ራሱ መሆኑ ይገለጥለታል። ከዚያ በኋላ ግጥሙ የሌላ ሕዝብ ርስት ሆኖ አልታየውም። የአክስቱ ታሪክ እኔን ከአበርዲኗ ኩሽና ጋር መልሶ አገናኘኝ፤ ያ ዓረፍተ ነገር የአንዲት ሴት ጭካኔ ሳይሆን የሐዘን ቤት አነጋገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ቃሉን ከፍ አድርገው የሕዝብ ጠባይ መገለጫ ለሚያደርጉት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ቶል አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ማን ለማን እንደሚናገረው ይወሰናል። ራሱ የተሸከመ ሰው ለሚሸከም ሰው ሲለው አጋርነት ነው። ሸክሙን የጫነው ሰው ሲለው ግን ስድብ ነው፤ ቋንቋው ልዩነቱን በድምፅ ቃና እንጂ በሰዋስው አያሳይም። አከራዬ ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የኖሩ ሴት ነበሩ። የቃላቸውን ትርጉም ለመረዳት መጠየቅ የነበረብኝ ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ እርሳቸው ነበር፤ አልጠየቅሁም።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? ለረጅም ጊዜ ሩቅ ስፈልግ ቆይቼ ያገኘሁት እጄ ላይ ነበር፤ «ቻለ» ነው። «ቻለ» የግዕዙ «ክህለ» ልጅ ነው፤ ኃይል አገኘ፣ ተቻለው ማለት ነው፤ «ከሃሊ» የምንለውም ከዚያ ነው። አማርኛ ግን ኃይሉን ወደ ሸክም አዞረው፤ «ቻይ» ስንል ኃይለኛ ማለታችን አይደለም፣ ብዙ የሚሸከም ማለታችን ነው። «አልችለውም» ስንል ከስኮትኛው አሉታ ጋር ቃል በቃል እንገጥማለን። ቻይ ሰው በውስጡ ሊነድድ ይችላል፤ ታጋሽ ካልነው ግን መንደዱን ክደነዋል። «ችሎት» የሚለው የፍርድ ቤት ቃላችንም ከዚሁ ግሥ መውጣቱ አሳይዝን ለሚያስብ ሰው ያጓጓል፤ ነገር ግን የ«ችሎት» መነሻ የዳኛው ሥልጣን እንጂ የተከሳሹ ሸክም ስላልሆነ መመሳሰሉን ከዚህ በላይ አልገፋውም። «ቻለ»ም የሚጎድለው ነገር አለ፤ «አሳይዙን ችሏል» ብንል በአማርኛ ዳኝነቱን አቅቶት አልወደቀም የሚል ይመስላል እንጂ ጨርሶ ነጻ ወጥቷል አይልም። ለሕጉ «ዳኝነቱን ተቀብሎ ጨርሷል» ማለት ይሻላል። ለሐዘኑ ግን የእናቶቻችን «ቻል አድርገው» ምንም አይጎድለውም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ የእኔ የማስተማሪያ ጽሑፍ የቆየ ቅጂ በእጃቸው እንዳለ አውቃለሁ። በስኮትኛ ግሦች ሰንጠረዥ ውስጥ ከ«ቶል» ትይዩ «መታገሥ» የሚለውን ሰርዛችሁ «መቻል» ብላችሁ እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።